ፍየሎቹ የላሱት ግድግዳ

ነገሌ ቦረና የጦር ካምፑ አካባቢ የኖረ ሰው «የጋሽ መኮንን ጣራ አፍስሶ ያቺን ልብስ አጣቢ ለአስም ዳረጋት» ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ውሸት ነው። ያ ጣራ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ስሙኝ፣ መሃል ላይ አታቋርጡኝ። እኔ ለዚህ የበቃሁት ሰው ሳቋርጥ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ ለሦስተኛ ጊዜ ስመዘገብ ዳይሬክተሩ «አንተ እዚህ ጡረታ ልትወጣ ነው?» አሉኝ። «ጡረታማ እርስዎ ይቀድማሉ፣ ወንበርዎን እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው። ሰው ሳቀ፣ እኔ ተባረርኩ። አፌ እንደዚህ ነበር። ከጭንቅላቴ ቀድሞ ይነሳል፣ ጥፋቱን ሠርቶ ይጨርስና ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

አባቴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ አስር አለቃ ነበር፤ መልኩን ሳላውቅ ሞተ። እናቴ የወታደር ሬንጀር እያጠበች አሳደገችኝ። ሰው ብርቄ ይላታል፣ እኔ እማ። የምንኖረው ጋሽ መኮንን ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተን ነው። ጋሽ መኮንን አባታቸው ከሰሜን የመጡ፣ ራሳቸው ቢሮ ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቁጥብ፣ ደረቅ፣ ሰላምታቸው እንኳን በማህተም የሚወጣ የሚመስል።

ቆላ የኖረ ሰው ምስጥን ያውቃል። ማታ ደህና የነበረ ምሰሶ ጠዋት ስትደገፈው ዱቄት ነው። የኛንም ቤት ምስጥ ጨርሶት ግድግዳው ወደ ሰፈር መንገድ ማዘንበል ሲጀምር ጋሽ መኮንን መራጊ ሊጠሩ ተነሱ።

«ምን መራጊ አለ?» አልኩኝ። «እኔ እያለሁ!»

ከትምህርት ቤት ከተባረርኩ በኋላ ዱብሉቅ የምትባል ከተማ ሄጄ አንድ ዓመት ጭቃ ስረግጥና ስመርግ ከርሜ ነበር። እዚያ ለከብት የሚሸጠው ጥቁር ጨው የሚከማችበት መጋዘን አለ። በዙሪያው ያለው ቤት ሁሉ በምስጥ ተበልቶ ያ መጋዘን ብቻ እንደ ሙሽራ ቆሟል። አየሁ፣ አሰብኩ፣ ገባኝ! ምስጥ ጨው አይወድም። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ለዚህ ነው እንደዚያ የኮራሁት። ሁለት ጆንያ ጥቁር ጨው በአይሱዙ አስጭኜ መጣሁ፤ ማንም ሳያየኝ ከጭቃውና ከጭዱ ጋር አቡክቼ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም መረግኩት። ምን እንደጨመርኩ ለእማም አልነገርኳት። የሙያ ምስጢር ነዋ!

ምስጡ ጠፋ። ሰፈሩ ጉድ አለ። «ቢኒ መድኃኒት አለው» ተባለ። ሁለት ቤት ተጨማሪ ሥራ አገኘሁ፣ አንዱ የልብስ ሰፊ፣ አንዱ የአንድ ወታደር ሚስት። ለእነሱም ያንኑ አቡክቼ መረግኩ።

ጋና ገባ። ጋና የምንለው የበልጉን ትልቁን ዝናብ ነው። አንድ ጠዋት እማ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ «ቢኒዬ፣ ይሄ ነገር ላብ ላብ ይለዋል» አለች።

«የላበው የሠራው ሰውዬ ነው፣ ግድግዳ አይልበውም!» አልኳት። «ሥራዬ ካላማረሽ የተማረ መራጊ ጥሪ!»

ፈገግ አለች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ ነው ጋዜጣ መለጠፍ የጀመረችው። ከካምፑ አሮጌ ጋዜጣ ታመጣለች፣ በዱቄት ሙጫ እየቀባች ትለጥፋለች። ለፋሲካ ለጠፈች፣ ለእንቁጣጣሽ ለጠፈች፣ ለገና ለጠፈች። እማ ማንበብ አትችልም፤ ግማሹ ዜና ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው። «እማ፣ እኔን ከትምህርት ቤት ቢያባርሩኝ ትምህርት ቤቱን ቤቴ አመጣሽው?» እያልኩ እስቅ ነበር። እሷም ትስቃለች። ያኔ ሳቋ ረጅም ነበር፣ ትንፋሽ ነበራት።

በሁለተኛው ጋና ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጉንፋን አልን። ቀጥሎ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ፣ እንደ ተቀደደ ጎማ። ዝናብ ነው ብላ ያጠበችውን ሬንጀር ሁሉ ቤት ውስጥ በገመድ ታሰጣለች፤ መስኮቷን ለሌባ ብለን በቆርቆሮ ከመታናት ቆይተናል። ሰፈሩም አፍ አወጣ። «ብርቄ ሳምባ ይዟታል።» ቦኖ ላይ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ከጄሪካኗ ያርቁ ጀመር። የጋሽ መኮንን ሚስት እትዬ አስካለ ውሃ የምትጠጣበትን ኩባያ ለይተው እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ቀይ ክር! እኔ ያቺን ክር ሳይ ግቢውን ላቃጥለው ነበር።

እስከ ሦስተኛው ጋና አልተሻላትም፤ አንድ ዓርብ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አክታዋ ተመረመረ፣ ነጻ ነው ተባለ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትዕግስተኛ።

«እማማ፣ ቤታችሁ እርጥበት አለው? ሻጋታ፣ የሻገተ ነገር?» ሲል ጠየቃት።

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ገባሁ። «ዶክተር፣ ነገሌ እኮ ነው ያለነው! ከብት በጥም በሚሞትበት አገር ምን እርጥበት አለ? ሻጋታ ፍለጋ ከሆነ ደጋ ውጣ!»

ሐኪሙ እሷን አያት። እሷ መሬት መሬቱን አየች። እንክብል ጽፎ ሰጠን፣ «ካልተሻላት ቶሎ መልሷት» አለ፣ ወጣን።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኮንን በራችንን አንኳኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። እማ አልጋው ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፍራሹን ተደግፋ ነው የምትተነፍሰው። ሰውየው ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ሆነው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «የግቢው ሰው ፈርቷል። ሕጻናት አሉ። እስከ ሰኞ ሌላ ቤት ብትፈልጉ።»

«ነጻ ናት ተብላለች! ወረቀቱ ይኸው!»

«ወረቀቱን ለሳሏ አሳየው» አሉ። ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ ፈርተው ነው። እኔ ግን በዚች ቃል አበድኩ።

«ያሳመማት ቤትህ ነው!» አልኳቸው። አንተ አልኳቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ በሰፈር ሰው ፊት። «ቆርቆሮህ አፍስሶ ነው! ኪራይ ትቀበላለህ፣ ጣራ አትጠግንም! ይሄን የሰፈሩ ሰው ይስማልኝ!»

ሰፈሩማ ለመስማት ጠሪ አይፈልግም፤ ወዲያው አጥሩ ላይ ራስ በራስ ሆነ።

ጋሽ መኮንን አልጮሁም። ሄደው መሰላል እየጎተቱ መጡና ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ውጣ» አሉኝ። «አንዲት ቀዳዳ ካገኘህ ግቢውን ለቅቄልህ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ወጣሁ። ልቤ እየፎከረ ወጣሁ። ቆርቆሮውን በእጄ ዳበስኩት፣ ሚስማር በሚስማር አየሁት፣ መጋጠሚያው ላይ ተኛሁበት። ምንም የለም። አንድ ዝገት እንኳን አላገኘሁም። እታች ሰው ሁሉ አንጋጦ ይጠብቀኛል። ምን ብዬ እንደምወርድ እያሰብኩ ፊቴን ወደ ቤቱ ጀርባ አዞርኩ።

ፍየሎች አየሁ። ስድስት ይሆናሉ። ገንዳ ላይ እንደቆሙ ሁሉ በሰልፍ ቆመው የኛን ግድግዳ ይልሳሉ። ዝም ብለው፣ ጆሯቸውን እያወዛወዙ፣ በስነ ሥርዓት። ከአፋቸው ቁመት ትይዩ ግድግዳው እንደ ጀልባ ጎድጉዷል፤ ማገሩ ይታያል።

አጠገባቸው አደ ሎኮ ቆማለች። በየጠዋቱ ለግቢው ወተት የምታመጣ የቦረና ሴት ናት፣ ፍየሎቿ ይከተሏታል።

«አደ ሎኮ!» ብዬ ከጣራው ጮህኩ። «ፍየሎችሽ ቤት እየበሉ ነው!»

ቀና አለች። «አካም? ናጋ?»

«የምን ናጋ! ቤቴን እየበሉት ነው እልሻለሁ!»

«መጀመሪያ ናጋ በል» አለች። «ሰው ጣራ ላይ ሲወጣ ሰላምታ ይረሳል?»

አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሳቀ። ወረድኩ። ጋሽ መኮንንም ዞረው መጡ። ናጋ አልኳት፣ በጥርሴ።

«ፍየል ቤት አይበላም» አለች አደ ሎኮ። «ፍየል ሶጊዳ ነው የሚበላ። ጨው። ሁለት ዓመት ይልሳሉ እኮ። ዝናብ ሲመጣ ይሄ ግድግዳ ያለቅሳል፣ እነሱ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ጋሼ ድሮ ጨው ያስቀምጡ ነበር ብዬ ዝም።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ መኮንን። «የምን ጨው?»

«ውሸት ነው!» አልኩ እኔ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጨው እንዳለበት እኔ ነኝ የማውቀው።

አደ ሎኮ አልተከራከረችኝም። በሁለት ጣቷ ከግድግዳው ትንሽ ጭቃ ቆንጥራ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሊጥ ነው። ፀሐይ የማይደርስበት የገዛ ሥራዬን ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ቀመስኩት። ሌላ ምን ላድርግ? ጨው ነው። ጨውና ሌላ ነገር፣ የአሮጌ ጨርቅ ጣዕም ያለው ነገር።

«ጨው ውሃ ይጠራል» አለች። «ዝናብ ባይነካውም ከአየር ይጠጣል። ቤትህ ውስጥ ጨው አስቀምጠህ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ማንም ያውቃል። ጋና ሲገባ የወጥ ቤት ጨው እቃው ውስጥ ይረጥባል፤ የሦስት ዓመት ሕጻን የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ብልሁ፣ እኔ መድኃኒት ያለኝ፣ እናቴን በጨው ገንቦ ውስጥ አስገብቼ ከድኜባታለሁ።

«ማን ነው ጨው የጨመረበት?» አሉ ጋሽ መኮንን።

ትቻቸው ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

እማ እንዳለች ናት። አልጋዋ ከዚያው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የተዘረጋው። ወደ ጋዜጣው ስሄድ ዘወር ብላ በመዳፏ ከደነችው።

«ተወው ቢኒዬ። ለበዓል የለጠፍኩት ነው። ያምራል።»

«እማ እጅሽን አንሺ።»

«ተወው አልኩህ!»

እጇን በቀስታ አነሳሁትና ወረቀቱን ከጫፉ ጎተትኩት። አልተቀደደም፤ ተገነጠለ፣ እንደ ረጠበ ዳቦ። ከሥሩ ሌላ ጋዜጣ። ከሥሩ ሌላ። ዱቄቱ ሁሉ ለሻጋታው ቀለብ ሆኖለታል። የላይኛው ነጭ፣ መካከለኛው አረንጓዴ፣ ታችኛው ጥቁር፣ ፀጉር ያበቀለ። ከራስጌዋ እስከ ግርጌዋ፣ ልክ የሰውነቷን ያህል። ሽታው ሲወጣ እኔ ራሴ ሳልኩ። ፍራሹን አዞርኩት፤ በግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ ጠቁሯል። ከአልጋው ሥር ያለው የአባቴ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው አንድ ካፖርቱ በብብቱ በኩል ነጭ አውጥቷል።

«መቼ ነው የጀመረው?» አልኳት።

«በመጀመሪያው ጋና።»

«ሁለት ዓመት? ሁለት ዓመት እዚህ ሥር ተኝተሽ? ለምን አትነግሪኝም!»

ትንፋሿን ሰበሰበች። መልሱ አጭር ነው፣ ግን ሦስት ቦታ አረፈችበት።

«ነግሬህ... ነበር... እኮ።»

ግድግዳው ላብ አለው ያለችኝ ቀን። ያቺ ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ነገረችኝ፣ አንድ ጊዜ መለስኩላት፣ ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ስትለጥፍ የኖረችው ወረቀት ሳይሆን ዝምታዋን ነው። እድፉ ሲወጣ ትሸፍናለች፣ ሲወጣ ትሸፍናለች። «የመጀመሪያ ሥራህ ነው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ እያደነቀልህ... እኔ እንዴት ብዬ...»

ጋሽ መኮንን ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉን አይተዋል፣ ሁሉን ሰምተዋል። ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ገቡ። ጎንበስ ብለው እማን በብብቷ ያዟት።

«ብርቄ፣ ተነሺ። ሳሎን ትተኛለሽ።»

እትዬ አስካለ ከበር «ኧረ መኮንን፣ ልጆቹ!» አሉ።

«ሳምባ አይደለም። ግድግዳው ነው። ያን ክር ፍቺው» አሉ ጋሽ መኮንን።

ደግፈናት ወጣን። ግቢው ሞልቷል። አንዷ «ምንድን ነው? ምን ተገኘ?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ልከፍት ስል እማ ቀደመችኝ። ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ቀደመችኝ።

«ጣራው ነው» አለች። «ሲያፈስ ኖሮ ነው። ልጄ... ልክ ነበር።»

ጋሽ መኮንን ቆሙ። እኔን አዩኝ። በቁጣ አይደለም፤ ጠበቁኝ። አንዲት ቃል ነበረች። «እኔ ነኝ።» አንዲት ቃል! ለዳይሬክተር፣ ለሐኪም፣ ለፖሊስ፣ ለማንም መልስ አጥቶ የማያውቅ አፍ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አደ ሎኮ የወተት ዕቃዋን ይዛ ታየኛለች።

ዝም አልኩ።

«ጣራው ነው ካላችሁ እንግዲህ ጣራው ነው» አሉ ጋሽ መኮንን፤ እማን ይዘው ወደ ሳሎናቸው ገቡ።

በሁለት ቀን ምርጊቱን እስከ ማገሩ ድረስ ፋቅኩት። አፌን በሻሽ አስሬ ጋዜጣውን ከነሙጫው አቃጠልኩ። ጨዋማውን ጭቃ በጋሪ ከከተማ ውጭ ስወስድ ፍየሎቹ ገበያውን አቋርጠው ተከተሉኝ፣ ሰው ቆሞ ይስቃል። አደ ሎኮ «ሠርገኛ መሰልክ» አለችኝ። እኔ ግን ምድር ብትውጠኝ ነበር የምመኘው። በሳምንቱ ደግሞ ጋሽ መኮንን የማያፈሰውን ጣራቸውን አስነቅለው አዲስ ቆርቆሮ አስመቱ። ሰው አፍ ውስጥ ላለመግባት። ሚስማሩን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ያን ሐኪም ተመልሼ አገኘሁት። ይቅርታ አልኩት፤ እሱን እንኳን ቻልኩ። የነገረኝን እነሆ፣ በነጻ ውሰዱ። ሻጋታ ስታዩ በቀለምም በጋዜጣም በመጋረጃም አትሸፍኑት፤ ስትሸፍኑት አልጋ እያነጠፋችሁለት ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ እሱን ሳትዘጉ ብትፍቁ ተመልሶ ይመጣል። አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትፋቁ፣ የታመመ ሰው ባለበት አትፋቁ። አልጋችሁን ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁ። እርጥብ ልብስ ውስጥ አታስጡ፤ ግድ ከሆነ መስኮት ክፈቱ። መስኮት! ሌባ የሚወስደው ሬዲዮ ነው። «ቆላ ነው፣ እዚህ አይሻግትም» የሚላችሁ ሰው ካለ እኔን ያስታውሳችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው «ግድግዳው ላብ አለው» ካላችሁ ተነሱና በእጃችሁ ንኩት። ከመናገራችሁ በፊት ንኩት።

ጨው ወደ ጨመርኩባቸው ሁለት ቤቶችም ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊው ሰማኝ፣ አስፈረሰ። የወታደሩ ሚስት ግን «አንዱን ሥራ ሁለቴ ልትሠራ? ያንተስ ቤት ጣራው እኮ ነው፣ እናትህ ነግራኛለች!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እዚያ ቤት ሁለት ልጆች አሉ። እማ እኔን ለማዳን የተናገረችው ውሸት የት እንደደረሰ አያችሁ?

ጋሽ መኮንን አርጅተው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፣ እዚያው አረፉ። ሳልነግራቸው። አይደለም፣ እሳቸውማ ያውቁ ነበር፤ ለሰው ሳልነግርላቸው።

እማ አለች። በኪሷ የሚነፋ መድኃኒት ይዛ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ሳቋ መሃል ላይ ይቆረጣል። ልብስ ማጠብ ትታለች። ቤቷን ያለ ጨው ነው መልሼ የመረግኩላት፣ መስኮትም አውጥቼላታለሁ። ምስጡ ተመልሶ መጥቷል፤ ምሰሶው ውስጥ ሲበላ ይሰማኛል። ይብላ። ምስጥ እንጨት እንጂ ሳንባ አይበላም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ይሄ ጽሑፍ ታትሞ ነገሌ ከደረሰ ለጎረቤት አንብቡት፣ ቦኖ ላይ አንብቡት፣ ለወታደሩ ሚስት በመስኮቷ አስገቡላት። እናቴ እጅ ግን እንዳይገባ። ማንበብ አትችልም፤ የልጅሽ ፎቶ ወይ ስም ያለበት ነው ካሏት ደግሞ ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ።

ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች።